ስለ አሮጌ ሞተር ጀልባ የመሪ ገመድ አወጣጠር፤ በአንድ የተለመደ ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

አሮጌ ጀልባን ስለ ማደስ የሚጻፉ መመሪያዎች ከመሪው ክፍል ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም «ገመዱ ላልቶ እንደ ሆነ አጥብቀው» የሚል ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ለመፈጸምም አያስቸግርም፤ ማንም ሰው ቁልፍ ይዞ በሩብ ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል። ሆኖም ቀላልነቱ ለትክክለኛነቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ይህ ትምህርት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቶ እንደሚያደባልቅ፣ የሥራውንም ቅደም ተከተል ገልብጦ እንደሚያስተምር፣ ከዚህም የተነሣ የጀልባውን ባለቤት ዐይን ሕይወትን ከሚያሰጋው ጉዳት ላይ አንሥቶ በማያሰጋው ላይ እንደሚያሳርፍ ነው።

ነገሩ የሚገኝበትን ስፍራና ዘመን አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ከጀልባ በስተኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር በሰሜን አሜሪካ በሰፊው የታወቀው፣ ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የሚልዋኪ መካኒክ እ.ኤ.አ. በ1909 የራሱን ሞተር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። የዚያ ሞተር ጉልበት አንድ ተኩል ፈረስ ብቻ ነበረ። እንዲህ ያለውን ትንሽ ሞተር ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እጀታውን በእጁ ይዞ ሊመራው ይችላል። እየቆየ ግን ነጂው እንደ መኪና ነጂ ወደ ፊት ተሻግሮ በመሪ ፊት መቀመጥ ሲፈልግ፣ በመሪውና በሞተሩ መካከል ያለውን ርቀት የሚያገናኝ ነገር አስፈለገ፤ ለዚህም የተገኘው ቀላል መላ የሽቦ ገመድና መዘውር ነበረ። ችግሩ የሞተሩ ጉልበት ባለበት አለመቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መርኩሪ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተር አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ኤቪንሩድና ጆንሰን ባለ 50 አወጡ። ገመዱና መዘውሩ ግን በብዙ ጀልባ ላይ እንደ ነበሩ ቀሩ። በኋላ በሽፋን ውስጥ እየተገፋና እየተሳበ የሚሠራው አንድ ወጥ ካቦ፣ ከዚያም በዘይት ግፊት የሚሠራው መሪ ቦታውን ወሰዱበት። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ጀልባዎች የሚያድሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የድሮውን መሪ እንደ ነበረ ለማቆየት የሚፈልጉም አይታጡም። ሂሱ የሚመለከተው ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ለጣና ታንኳ ቀዛፊ ጥያቄው አይነሣም፤ የብስክሌት ፍሬን ካቦ ጠግኖ የሚያውቅ አንባቢ ግን የነገሩን ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመሪው ዘንግ ላይ አንድ ትንሽ ከበሮ አለ፤ ገመዱ በዚህ ከበሮ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይጠመጠማል። ከዚያ አንዱ ወገን በቀኙ፣ ሌላው ወገን በግራው የጀልባው ጎን በመዘውሮች ላይ እያለፈ ወደ ኋላ ይሄድና፣ ሁለቱም ጫፎች ከሞተሩ ወደ ፊት በወጣው ክንድ ላይ በሞላ አማካይነት ይታሰራሉ። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የክንዱ ጫፍ ወደ ግራ መሳብ አለበት፤ ምክንያቱም ሞተሩ በመካከሉ ባለው ምሰሶ ላይ ስለሚዞር፣ ክንዱ ወደ ግራ ሲሄድ በስተኋላ ያለው ፕሮፔለር ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ጀልባውም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ገመዱን በከበሮው ላይ በተቃራኒው የጠመጠመ ሰው መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ግራ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህን ከውሃ ከመውጣት በፊት በየብስ ላይ መፈተን ግድ ነው።

እንግዲህ ወደ ሂሱ እንግባ። መሪው ጥቂት ሲዞር ሞተሩ ካልታዘዘ፣ ወይም መሪው ተይዞ ሳለ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ ካለ፣ ሰው ሁሉ «ገመዱ ላልቷል» ይላል። ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጠባዮች ተደብቀዋል። አንደኛው እውነተኛው ልልነት ነው፤ ገመዱ ምንም ኀይል ሳይሸከም የሚንጠለጠልበት ርዝመት አለ ማለት ነው። ሁለተኛው መለጠጥ ነው፤ ገመዱ ተወጥሯል፣ ዳሩ ግን ኀይል ሲጨመርበት ሞላው ይከፈታል። የመጀመሪያው በመወጠር ይጠፋል። ሁለተኛው ግን በመወጠር አይጠፋም።

ይህን በቁጥር ለማየት፣ በየጎኑ አንድ አንድ ሞላ ያለበትን ጀልባ እንውሰድ። ሞላው በ2 ኪሎ ኀይል 1 ሳንቲሜትር የሚከፈት ይሁን፤ በመዘውሮቹ ላይ ያለውንም ሰበቃ ለጊዜው እንተወው። መሪው ተይዞ ሳለ ውሃው የክንዱን ጫፍ በ12 ኪሎ ኀይል ወደ አንድ ጎን ቢገፋው ምን ይሆናል? ገመዱ አስቀድሞ በየጎኑ በ10 ኪሎ ተወጥሮ ከነበረ፣ አንዱ ጎን ወደ 16 ይወጣል፣ ሌላው ወደ 4 ይወርዳል፤ የክንዱም ጫፍ 3 ሳንቲሜትር ይሸሻል። ባለቤቱ መመሪያውን ሰምቶ ውጥረቱን እጥፍ በማድረግ 20 ኪሎ ቢያደርሰው፣ አንዱ ጎን 26 ሌላው 14 ይሆናል፤ የክንዱ ጫፍ የሚሸሸው ግን አሁንም ያንኑ 3 ሳንቲሜትር ነው። ውጥረቱ 5 ኪሎ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ የሚገፋው ኀይል 10 ኪሎ ሲደርስ የአንዱ ጎን ገመድ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ጎን ላይ ይወድቃል፤ በ12 ኪሎም ክንዱ 3 ሳንቲሜትር ተኩል ይሸሻል። ባዶ የሆነ ገመድ ከመዘውሩ ቦይ ሊወጣ፣ በከበሮውም ላይ ሊደራረብ ስለሚችል ይህ በእርግጥ ክፉ ነው። እንግዲህ የውጥረት ጥቅሙ ገመዱ ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ ማራቁ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ውጥረት መሪውን አያጸናውም።

«እኔ ግን አጥብቄው ጸንቶልኛል» የሚል ሰው ይኖራል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞላው እስከሚችለው ድረስ ተከፍቶ ሲያልቅ ሞላ መሆኑ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ መሪው የሚሠራው ሞላ እንደሌለበት ሆኖ ነው። ባለቤቱ የጸናለት መስሎት የደስ ደስ ሲለው፣ ያደረገው ነገር የገመዱን መተንፈሻ መዝጋት ብቻ ነው። ደግሞም የከበደን መሪ የጸና መሪ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

ትርፍ ውጥረት በነጻ አይገኝም። ገመድ በመዘውር ላይ ዞሮ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ መዘውሩን ከተሰቀለበት ስፍራ ለመንቀል የሚስበው ኀይል የገመዱ ውጥረት 1.41 እጥፍ ነው። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ውጥረቱ 10 ኪሎ ሲሆን መዘውሩ 14 ኪሎ፣ 20 ሲሆን 28 ኪሎ ሌሊትና ቀን ይሸከማል፤ ጀልባው ቆሞም ሳለ። በሚታጠፍበት ጊዜ 26 የደረሰው ጎን መዘውሩን ወደ 37 በሚጠጋ ኀይል ይስበዋል። መዘውሩ በቪት ብቻ በአሮጌ እንጨት ላይ ተይዞ ከሆነ፣ እንጨቱም ለብዙ ዓመት ውሃ የጠጣ ከሆነ፣ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። መዘውር በቡሎን እንጨቱን አልፎ፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ መታሰር ይኖርበታል። በመዘውሮቹ ላይ ያለው ሰበቃም ከውጥረቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ነጂው የሞተሩን ጠባይ በእጁ መስማቱ ይቀርበታል።

ሦስተኛው ነገር ከገመዱም ከሞላውም አይደለም፤ ከመዘውሮቹ አቀማመጥ ነው። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የማቀርበው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው እርሱ ስለ ሆነ ነው። የክንዱ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም፤ በቅስት ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መዘውሮች ግን በጀልባው ግራና ቀኝ ጎን እንደ ተቸነከሩ ይኖራሉ። ስለዚህ ከክንዱ ጫፍ እስከ ግራው መዘውርና እስከ ቀኙ መዘውር ያሉት ሁለት ርቀቶች ሲደመሩ፣ ድምሩ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይለወጣል። ክንዱ 30 ሳንቲሜትር፣ እያንዳንዱ መዘውር ከጀልባው መካከለኛ መስመር 60 ሳንቲሜትር የራቀ፣ ሞተሩም እስከ 40 ዲግሪ የሚዞር ነው እንበል።

ሒሳቡን በሦስት አቀማመጥ ሠርቼዋለሁ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ መዘውሮቹ ከክንዱ ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ ሞተሩ ሲታጠፍ ድምሩ ከ120 ሳንቲሜትር ወደ 120.9 ከፍ ይላል፤ ለውጡ 1 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። መዘውሮቹ 30 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ተሰቅለው ሞተሩ ከሚዞርበት ምሰሶ ጋር ሲስተካከሉ ግን ድምሩ ከ134.2 ወደ 129.3 ይወርዳል፤ ይህም ማለት ሞተሩ በታጠፈ ጊዜ 5 ሳንቲሜትር የሚያህል ገመድ ትርፍ ሆኖ ይላላል። በአንጻሩ መዘውሮቹ ከክንዱ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ተሰቅለው ከሆነ ድምሩ ከ134.2 ወደ 142.5 ያድጋል፤ ከ8 ሳንቲሜትር በላይ የሚሆን ገመድ ይጎድላል። ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ ሞላውም ያው ሞላ ነው፤ በአንዱ ጀልባ ላይ ሲላላ በሌላው ላይ የሚወጠርበት ምክንያት አንድ መዘውር የተሰቀለበት ቦታ ብቻ ነው።

አሁን የመመሪያውን ምክር በእነዚህ ጀልባዎች ላይ እንፈትነው። በሁለተኛው ጀልባ ባለቤቱ ሞተሩ ሲታጠፍ ገመዱ እንደሚላላ ያያል፤ ስለዚህ ያጠብቃል፤ ልልነቱ በመታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ካጠበቀ ደግሞ ጀልባው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ፣ ማለትም አብዛኛውን የጉዞ ሰዓት፣ ገመዱ ያለ ልክ ተወጥሮ ይኖራል። በሦስተኛው ጀልባ ነገሩ የባሰ ነው። ባለቤቱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ በየጎኑ 20 ኪሎ ይወጥራል፤ ደስ ብሎትም ይሄዳል፤ አጥብቆ ሲታጠፍ እያንዳንዱ ሞላ ሌላ 4 ሳንቲሜትር መከፈት ስላለበት ውጥረቱ ያለ ምንም የውሃ ግፊት 28 ይደርሳል። ሞላው ያን ያህል የሚከፈትበት ትርፍ ከሌለው መሪው ከመንገድ ላይ ይቆማል፤ ወይም አንድ ነገር ይነቀላል።

አንድ ሰው ታዲያ ሞላውን በጠንካራ ሞላ ብንለውጠውስ ይል ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይቆምም። በሁለተኛው ጀልባ ላይ በ2 ኪሎ የሚከፈተው ሞላ በመታጠፊያው ላይ ከውጥረቱ 5 ኪሎ ያህል ያጣል፤ ከ10 ውስጥ 5 ይተርፈዋል ማለት ነው። በ6 ኪሎ የሚከፈት ሞላ ቢሆን ግን የሚያጣው ከ14 ኪሎ በላይ ስለ ሆነ ገመዱ ፈጽሞ ባዶ ይሆናል። መዘውሮቹ ከክንዱ ጫፍ ጋር ተስተካክለው ከተሰቀሉ በኋላ ግን ያው ጠንካራ ሞላ በ10 ኪሎ ውጥረት ብቻ በደኅና ይሠራል፤ ክንዱም በ12 ኪሎ ግፊት የሚሸሸው 3 ሳንቲሜትር መሆኑ ቀርቶ 1 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ውጥረቱን እጥፍ ማድረግ ያልሰጠውን ጥቅም ጥቂት ቡሎኖችና አዲስ ቀዳዳ ይሰጡታል።

ይህ ጉዳይ በአሮጌ ጀልባ ላይ በተለይ የሚጎላበት ምክንያት አለ። በ1950ዎቹ የተሠራ ጀልባ የመጀመሪያ ሞተሩን ይዞ ላይቆይ ይችላል፤ ሞተር ይለወጥለታል፤ የአዲሱ ሞተር ክንድ ከቀድሞው ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ መዘውሮቹ ግን ለቀድሞው ሞተር በተለካው ስፍራ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ የዛሬው ባለቤት የሚታገለው ከገመዱ ጋር ሳይሆን ከሌላ ሞተር ልክ ጋር ነው። ሞተሩ ወደ ላይ ሲነሣም የክንዱ ጫፍ ከስፍራው ስለሚለቅ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ምቾትና ስለ ድካም ነው ቢባል ይቻላል። ስለ ገመዱ የምናገረው ግን ስለ ሕይወት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ገመድ ከቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተገምዶ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ለእጅም ይመቻል፤ ነገር ግን ውሃ በጫፎቹና በስንጥቁ ገብቶ በሽቦዎቹ መካከል ይሰርጋል፤ ሽፋኑም ውሃውን ይዞ አያስወጣውም። ስለዚህ ገመዱ ከውስጥ ሲዝግ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። የማይዝግ ከሚባለው ብረት የተሠራውም ቢሆን አየር በማይደርስበት ሽፋን ሥር ሊበላ ይችላል፤ በመዘውር ላይ በተመላለሰ ቁጥርም ሽቦዎቹ እየታጠፉ ይደክማሉ። በዚህ ረገድ የመዘውሩ ስፋትና የገመዱ አገማመድ ብዙ ያደርጋል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ከ7 ጅማቶች፣ እያንዳንዱ ጅማት ከ19 ሽቦዎች ከተገመደ፣ አንዱ ሽቦ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይቀጥናል፤ ከ7 ጅማትና ከ7 ሽቦ ከተገመደ ግን 0.33 ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ በመዘውር ላይ ሲታጠፍ የሚደርስበት መለጠጥ በዚያው ልክ ያንሳል። የመዘውሩን ስፋት በግማሽ የቀነሰ ሰው ደግሞ ይህን መለጠጥ እጥፍ ያደርገዋል። ለማማር ሲባል ትንንሽ መዘውር መስቀል እንግዲህ ገመዱን አስቀድሞ መግደል ነው።

አንዱ ጎን በተበጠሰ ጊዜ የሚሆነውን እናስብ። ያልተበጠሰው ጎን ሞላ ወዲያው ክንዱን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሳቡም ገመዱ በተወጠረበት ልክ ይበረታል። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይዞራል፤ ጀልባውም ባለበት ፍጥነት በድንገት ይታጠፋል፤ ተሳፋሪ ወደ ውሃ ሊወረወር ይችላል፤ ነጂ የሌለው ጀልባ ደግሞ በወደቀው ሰው ዙሪያ እየተሽከረከረ ተመልሶ ሊመታው ይችላል። አሮጌ፣ ውስጡ የበሰበሰ ገመድ አግኝቶ «አጥብቀው» የሚል ምክር የተከተለ ሰው እንግዲህ ሁለት ነገር አድርጓል፤ የመበጠሱን ቀን አቅርቧል፤ መበጠሱ የሚያመጣውንም ጉዳት አክብዷል። እኔ በዚህ ትምህርት ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታ ይህ ነው። የላላ ገመድ ለዐይን ይታያል፤ የዛገ ገመድ አይታይም፤ መምህር የሚያስፈልገው ደግሞ ለማይታየው ነው።

ለመመሪያ ጸሐፊዎችም ፍትሕ ማድረግ ይገባል። አዲስ የሽቦ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ጅማቶቹ እየተቀራረቡ ስለሚረዝም፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና መወጠር በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ ምክሩ የተወለደውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ ገመድ የተነገረው ለአሮጌ ገመድ ሲነገር ግን ትርጉሙ ይለወጣል። በአማርኛችን ቡሎን እናጠብቃለን፣ ገመድ እንወጥራለን እንላለን፤ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚወጠር ነገር ልክ እንዳለው፣ ካለፈም እንደሚበጠስ ቃሉ ራሱ ያሳስባል።

ሥራው እንግዲህ ከተቃራኒው ጫፍ መጀመር አለበት። ሽፋኑ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ቡናማ ውሃ የሚያወጣ፣ ወይም ጨርቅ ሲሳብበት የተበጠሰ ሽቦ የሚይዝ ገመድ አይቀጠልም፣ አይቋጠርም፤ በሙሉ ይለወጣል። ዕድሜው የማይታወቅ ገመድም እንዲሁ። ጫፉ በሞርሴቶ የሚታሰር ከሆነ ፕላስቲኩ ከሥሩ መላጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ ፕላስቲኩ በግፊት እየሸሸ ማሰሪያው ይለቃል። የሞርሴቶው መቀመጫ ሸክም በሚሸከመው ገመድ ላይ፣ የታጠፈው ቡሎን ደግሞ በትርፉ ጫፍ ላይ ይውላል፤ ተገልብጦ ከታሰረ ቡሎኑ የሚሠራውን ገመድ ይቀጠቅጠዋል። ሞላ የሚገዛ ሰው ቢቻለው በመሳብ ከሚከፈተው ይልቅ በቤቱ ውስጥ የሚጨመቀውን ይምረጥ፤ የመጀመሪያው ሲሰበር ገመዱ ይለያያል፣ ሁለተኛው ሲሰበር ግን ቤቱ ገመዱን እንደ ያዘ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መዘውሮቹ ይለካሉ። ውጥረቱ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ ወርዶም ተነሥቶም እየታየ፣ በየትኛውም ስፍራ ገመዱ ባዶ የማይሆንበት፣ ሞላውም ተከፍቶ የማያልቅበት ትንሹ ውጥረት ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ከ26 ጫማ በታች የሆኑ የመዝናኛ ሞተር ጀልባዎች ነጂዎች ጀልባው በፍጥነት ሲሄድ፣ ሞተሩን የሚያጠፋውን ማያያዣ እንዲጠቀሙ ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ያዛል፤ ሕጉ ትንንሾቹን ሞተሮች አይጨምርም። በገመድ መሪ ለሚነዳ ሰው ይህ ማያያዣ ሕግ ባያዘውም የሚተው አይደለም፤ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባውም አይዞርበትም። ገመዱ እንዳይበጠስ ግን አያደርግም። እንደኔ አስተያየት ለ10 ወይም ለ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር በጥንቃቄ የታደሰ የገመድ መሪ ሊበቃ ይችላል። ባለ 50ና ባለ 60 በተሰቀለበት ጀልባ ላይ ግን፣ የድሮ መልኩን ለመጠበቅ ሲባል እንኳ፣ ገመዱን አድሶ ከመመለስ ይልቅ ከበሮውንና መዘውሮቹን አውርዶ በሽፋን ውስጥ የሚሄደውን ካቦ መግጠም ይሻላል፤ የቀድሞው የመሪ ክብ ከአዲሱ ዘንግ ጋር የሚገጥም ከሆነ በስፍራው ቢቀር የሚከለክለው የለም።